የአባትህ ዓይንና የሐኪም ቤቱ ደጃፍ

ሐረር፣ ኅዳር ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለአሰፋ፤ እስክንድርያ። ባሕሩን በደህና ያሻገረህ አምላክ አገሩን ደግ፣ ሰዉን ዘመድ ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፤ እንዲያውም የምነግርህ ታላቅ ደስታ አለኝ!

የአባትህ ዓይን በራ። ሞራው ጋርዷቸው ዳዊታቸውን በቃል ብቻ ይደግሙ እንደነበር ታውቃለህ። እሳቸው፣ ሸዋ በር አጠገብ ካረፈው፣ ሰው ሁሉ ከሚያወድሰው፣ የዓይን ሞራ በመርፌ ከሚገፋው ገፋፊ ዘንድ ካልሄድሁ አሉ። የፈረንጁን ሐኪም ቤትማ፣ "ሃይማኖቴን ያስለውጡኛል" ብለው ፈሩ። እኔ ጨነቀኝ፤ የገፋፊው መርፌ ከሳተ የቀረችውም ጭላንጭል ልትጠፋ ነው።

ስፌት ሻጯን መስቱራን ባማክራት፣ "ወላሂ ገላነሽ፣ የሚገባማ ሁሉ ያወድሳል፤ ደጃፍ ቆመሽ የሚወጣውን ጠይቂ" አለችኝ። ሄጄ በሁለቱም ደጃፍ ተራ በተራ ቆምሁ። ከገፋፊው ቤት የሚወጣው ሁሉ ዓይኑን ይዞ ያቃስታል። ዓይናቸውን ታክመው ከሐኪም ቤቱ የወጡ አንድ ሽማግሌ ግን፣ ሊወስዳቸው የመጣውን ልጃቸውን፣ "ይህችን የከሳች በቅሎ ነው ያመጣህልኝ?" እያሉ ሲቆጡት ሰማሁ። በቃኝ። አባትህ አሁንም እንቢ ቢሉ የነፍስ አባታችንን ለምኜ በግዝት ሐኪም ቤቱ አስገባኋቸው።

ሞራው ወጥቶላቸው ፋሻው ሲፈታ አተኩረው አዩኝና፣ "አንቺ፣ መቼ ሸበትሽ?" አሉኝ።

"እርስዎ ሳያዩኝ!" አልኋቸው። ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ።

ልጄ፣ ከአንተ ዘንድ የመጣ ነጋዴ ጢም አብቅለሃል ብሎናል። አባትህ፣ "እኔ ሳላይ ማን አመነ?" ብለዋልና እባክህ ፎቶግራፍህን ላክልን። እመብርሃን በሄድህበት ሁሉ ትቅደምልህ።

እናትህ ገላነሽ