የጓሮዬ ጎመንና የጠና ልብ

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 28 ቀን 1962 ዓ.ም.

ክኒኑ ይብቃ ተባለ! ወንድምሽ ጠና ዛሬ ከሐኪም ቤት በእግሩ መጣ፤ ጋሪ ላይ ውጣ ስለው እምቢ አለኝ።

ውድ ገነቴ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ደስታው ቀደመኝ። እንዴት ነሽ? ሺንሺቾስ ዝናቡ እንዴት ነው?

የካቲት ላይ ልቡን ድንገት አሞት ሲወድቅ ዶክተሩ ያለንን ታስታውሺያለሽ። የተጎዳው የልቡ ጡንቻ ደህና ስለማይመታ ደሙ እዚያው ውስጥ ረግቶ፣ ቁራጩ ወደ እግሩ ወርዶ ነበር። ያን እግር አብረን ዳሰስነው፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። በሚወጉት መርፌ ቀስ በቀስ ሲሞቅ አንቺ በከምባትኛ ስትጸልዪ እኔ በሀዲይኛ «አሜን» እል ነበር።

ከዚያ ደም የሚያቀጥን ክኒን ታዘዘ። «የሰው ደም ወጥ ነው እንዴ የሚቀጥነው?» ብለሽ የሐኪሙን ረዳት ድሬሰር ተረፈን ሳይቀር አሳቅሽው። በየሳምንቱ ደሙን በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ቀድተው፣ ሰዓት ይዘው፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚረጋ ያዩ ነበር። ግንቦት ላይ ቶሎ ቶሎ ይረጋ ጀመር። ዶክተሩ «ክኒኑን አልዋጠም! ሌላ ቁራጭ ወደ አንጎሉ ቢወጣስ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ደግሞ ክኒኑን የምትሰጪው አንቺ ስለነበርሽ ባንቺ ላይ ወረድኩብሽ። «ደብቀሽበት ነው» ስልሽ፣ «የእናቴን ልጅ?» አልሽና ነጠላሽን አንስተሽ ምሳ እንኳ ሳትቀምሺ ወጣሽ።

ገነቴ፣ አንቺ አልነበርሽም። እኔው ነበርኩ!

በሄድሽ በሳምንቱ ድሬሰር ተረፈ በምሳ ሰዓት ሊጠይቀን ገባ። ጠና ፊት ቆጮው ቁራሽ፣ ጎመኑ ኮረብታ።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ይህ ሁሉ የማነው?»

«የባሌ ነዋ! ደም ይተካለታል ብዬ ጠዋትም ማታም እሰጠዋለሁ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ራሱን ያዘ። «ክኒኑ ያቀጠነውን ጎመኑ መልሶ ያረጋዋል እኮ! አይከልከል፤ ግን በየቀኑ ያው አንድ ጭልፋ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።»

እንዳለኝ አደረግሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ደሙ ተስተካከለ።

እስከ አስረኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ የልብንም ሥዕል ከነክፍሎቿ አጥንቻለሁ። ጓሮዬ ቆሞ የሚያድር ቅጠል እዚያ ድረስ ገብቶ ከክኒን ጋር እንደሚታገል ግን ማን ነገረኝ? ዛሬም ጎመኑን ስቀጥፍ እጄ ቆም ይላል። የእግዚአብሔር ሥራ!

ይህን ካወቅሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ወሬ የማያልቅባት ዓለሚቱ አንድ «ይቅር በይኝ» አጣች። ዛሬ ግን ጠና በር ላይ ቆሞ «ገነቴ የሌለችበት ምን ደስታ ነው?» አለኝ።

ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ትተሽው የሄድሽው ምሳ ይጠብቅሻል። ክኒኑ ስለቀረ ጎመኑን እንዳሻው ይበላል፤ የምትጨልፊለት አንቺ ነሽ። የሺንሺቾውንም የዱራሜውንም ዘመድ ሁሉ ይዘሽ ነይ።

በዳይሽ ዓለሚቱ ነኝ። አንድም ሰው እንዳይቀር፦ የምስጋናው ድግስ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ መስከረም 24 ቀን!