ሳይነጋ የተንኳኳ በር

እሑድ 4/5፣ ማታ

ዛሬም ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አውቶቡሱን አስቁሜ፣ ቢጫውን የግንባታ ቆብ ለሁሉም አድዬ፣ ያንኑ ንግግሬን ለቀቅኩት። መንገዱ እየሰፋ ነው። ለባቡሩ ተጨማሪ ሐዲድ ይዘረጋል። የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ታድሷል። ወደቡ ቅርብ፣ ሲሚንቶው ቅርብ፣ መሐንዲሱ ቅርብ። ገንዘባችሁን እዚህ አውሉት። ልምምድ ነበር፤ ሰሚዎቹ የቢሯችን ሰዎች ናቸው። እውነተኞቹ ባለሀብቶች ከውጭ አገር ሐሙስ ይገባሉ፣ እሑድ ደግሞ ትልቁ ጉባኤ ነው። አለቃዬ ጊዲ ሲሰማኝ ፈገግ ይላል። ምላሴን ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ ማስታወሻዬ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ቢሮ ያለው የክርያት ሞሼ ሠፈር ሞዴል ላይ፣ እቴቴ የምትኖርበት አሮጌ ሕንፃ ባለበት ቦታ፣ ነጭ የፕላስቲክ ፎቅ ቆሟል። ከሥሩ ትንንሽ ዛፎች። ያማረ ነገር። ጎረቤቱ በሙሉ ለማፍረሱ ፈርሟል። እሷ እምቢ አለች። ጊዲ የውጭ ሰው ያለቀለት ነገር ነው የሚገዛው ይላል፤ አንድ ሰው ካልፈረመ ፍርድ ቤት መመላለስ አለና ይሸሻሉ። አክስትህ ናት፣ ያንተ ጉዳይ ነው አለኝ። ያላ፣ በል ቶሎ፣ እስከ ሐሙስ አለ።

እቴቴ እናንዬ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ልጇ ኢታይ ከፋሲካ ወዲህ ሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቶ ጦር ላይ ነው። ምክንያቷ እሱ ነው። ልጄ ሲመለስ ትቶት የሄደውን በር ያግኝ፣ ከዚያ እፈርማለሁ አለችኝ። ብትፈርሚም እኮ የሚፈርሰው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው አልኳት። እንግዲያው ምን አስቸኮለህ አለች።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ 6/5፣ ከሥራ በኋላ

የማኅበረሰባችን ቄስ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሽማግሌ ልልክባት። እቴቴ ለእኔ እምቢ ትላለች እንጂ ለሳቸው እምቢ አትልም።

መጀመሪያ አልወደዱትም። ሽማግሌ የሚሄደው ሰው ሲጣላ ወይም ልጅ ሲዳር ነው፣ ለሕንፃ ተልኬ አላውቅም አሉ። አዲሱ ሕንፃ ስለሚኖረው ሊፍት ነገርኳቸው። እሳቸውም እዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ናቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ከወረዱ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ሊፍት ስል ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ጋሼ ሙጬ አብሮን ይምጣ አሉ። የእቴቴ ሟች ባል ወንድም ነው። ጎሽ አልኩ በሆዴ።

ሰዓቱ አስቸጋሪ ነው። የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄዳለች፣ ማታ ስትመለስ ደክሟት ትወድቃለች። የምትገኘው ሳትወጣ በፊት ብቻ ነው። ሐሙስ ማለዳ ተባባልን። የድርጅታችን ጠበቃም ውሉን ይዛ ትመጣለች፤ ባለሀብቶቹ ረፋድ ላይ ሠፈሩን ሲጎበኙ ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቃቸዋል።

ቄሱ አንድ ነገር አዘዙኝ። ዋዜማውን ደውለህ አስታውቃት፣ ልጅ ጦር ላይ ያላት ሴት ቤት በማለዳ ሳናስታውቅ አንሄድም አሉ። ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ እደውላለሁ አልኩ።

ረቡዕ 7/5

አልደወልኩም። ብደውል ትሸሻለች፣ አውቃታለሁ። በእግሯም ቢሆን ቀድማን ትወጣለች። ድንገት ደርሰን ቄሱን በሯ ላይ ስታይ ግን ግቡ ማለቷ አይቀርም። ሰውን ማግባባት ሥራዬ ነው።

ነጭ ሸሚዜን ተኮስኩ።

ሐሙስ 8/5፣ ከሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ጽሑፌ ካስቸገረህ ታገሠኝ። ወደ ቤት መንዳት አቅቶኝ ክፋር ማርሞሬክ ሠፈር መግቢያ ላይ ቆሜያለሁ።

ገና ሳይነጋ ወጣን። ፊት እኔ በነጭ ሸሚዝ። ከኋላዬ ቄሱ በጥምጣማቸው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። ከዚያ ጋሼ ሙጬ። ከሁሉም ኋላ ጠበቃዋ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ አረንጓዴ ጃኬት። አረንጓዴ ጃኬት። የልጅ ሞት ሊያረዱ የሚመጡት የጦሩ ሰዎች የሚለብሱት ቀለም፣ እንዴት አላየሁትም?

አንኳኳሁ። ከፈተች። ለሥራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ። እኔን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ በትከሻዬ በኩል ቄሱን አየች። ከዚያ ጋሼ ሙጬን። ከዚያ ያን አረንጓዴ ጃኬት።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አልጮኸችም። በትንሽ ድምፅ፣ አትናገሩ አለች። አትናገሩ፣ አትናገሩ እያለች በሁለት እጇ በሩን ገፍታ ዘጋችው።

ቄሱ ዞረው አዩኝ። እንዳልደወልኩ ገባቸው።

ቄሱ በሩን እየደበደቡ፣ እናንዬ፣ ኢታይ ደህና ነው፣ እኛ ለቤቱ ጉዳይ ነው የመጣነው አሉ። ያን ጊዜ ነው ከውስጥ ጩኸቱ የመጣው። መርዶ የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ ምን ይላል? ደህና ነው ይላል። ትንሽ አመም አድርጎት ነው ይላል። እኔንም እናቴ የሞተች ጊዜ ትንሽ አሟት ነው ነው ያሉኝ። ደህና ነው ባልናት ቁጥር ልጇን እንደገና ገደልንባት። እኔም ጮህኩ፣ ጋሼ ሙጬም ማለ፤ በማለ ቁጥር ባሰባት።

የደረጃው በር ሁሉ ተከፈተ። ጎረቤት ወጣ። አንዷ ሴት ቄሱን አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ እሷን ያየች ሁሉ አለቀሰች። ማንም ምን ተፈጠረ ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ይጠየቃል? በር ላይ ቄስ፣ ሽማግሌ፣ አረንጓዴ የለበሰች ሴት። ጠበቃዋ ፊቷ አመድ መስሎ ወርዳ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች።

ኢታይ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ። ጦር ላይ ስልካቸውን እንደሚሰበስቡ አውቃለሁ፣ ግን ደወልኩ። የባንክ ኃላፊ፣ የከተማ መሐንዲስ፣ የማልደውልለት ሰው የለም፤ አንድ ወታደር ማግኘት አቃተኝ። በመጨረሻ የኢታይን የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ አገኘሁ፣ እሱ ደግሞ ባሲሱ፣ ጦር ሠፈሩ ውስጥ፣ ሰው የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ አለ። እስኪነግሩን ጠብቅ አለኝ። ጠበቅን።

በሩን በኋላ ጎረቤት ከፈተው። እቴቴ መሬት ላይ ነበረች። ጉንጯን ቧጭራዋለች፣ ደም አለው። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ግቢው አወረዷት፣ አየር ታግኝ ብለው። የፕላስቲክ ወንበር ከየቤቱ ወጣ። እዚያ፣ ሁሉ ፊት፣ እጇን ዘርግታ፣ ጌታዬ ቤቴን ውሰድ፣ ልጄን መልስልኝ አለች። ቤቴን ውሰድ። ሰው ሁሉ ሰማት። እኔም ሰማሁ።

ያኔ አውቶቡሱ መጣ።

እንግዶቹ ቢጫ ቆባቸውን ደፍተው ወረዱ። ጊዲ ከፊት። የነጻነት ቀን ባንዲራ ገና ከበረንዳዎቹ አልወረደም፣ ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ሠርግ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ሮጬ ነገርኩት። ከዚያ ሰዎቹን ለአፍታ ወደ ሕንፃው ጀርባ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ፣ አምላኬ ይይልኝ፣ ለአንድ አፍታ ጀርባው ላይ ቦታ ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ፣ የእቴቴን ለቅሶ ሰምቶ ቆቡን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ላልሞተ ልጅ። እኔ ላመጣሁት ሞት። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ኢታይ ቀትር ላይ ደወለ። ዘብ አድሬ ተኝቼ ነበር፣ ማ ካራ፣ ምን ሆናችሁ አለ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አላመነችም። ሌላ ሰው ነው አለች። እማ፣ እኔ ነኝ፣ አኒ ቤሰደር፣ ደህና ነኝ፣ ለምን ታለቅሻለሽ ይላል ልጁ። አውራ፣ ዝም አትበል፣ አውራ አለችው። ምን ያውራ? ስለበላው ቱና፣ እግሩን ስለጨረሰው ጫማ፣ ስለ ሻራቩ፣ ስለ በረሃው ነፋስ ሙቀት አወራ። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትሰማለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ይኸውልህ አሁን የባሰው። እቴቴ ተነሳች፣ ቤቷ ወጥታ ፊቷን ታጠበች፣ ወረቀቱ የታለ አለችኝ። ዛሬ አይሆንም እቴቴ አልኳት። የታለ አለች። ከጠበቃዋ መኪና አመጣሁ። ኡልፓን፣ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ በተማረችው የዕብራይስጥ ፊደል፣ ቀስ ብላ፣ ስሟን ጻፈች። አልተቆጣችም። ደሴ፣ ከእንግዲህ ስትመጣ ከታች ሆነህ ተጣራ፣ አንተ መሆንህን ልወቅ አለችኝ። ይኸው ነው ያለችኝ።

ደረጃውን ስወርድ ወረቀቱን በስልኬ አንስቼ ለጊዲ ልኬዋለሁ። እጄ ነው የላከው። ወዲያው በስልኩ የአውራ ጣት ሥዕል መለሰልኝ፣ ሦስት። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ ያየሁት።

ዓርብ 9/5፣ ከሻባት በፊት

እንቅልፍ የለም። ዓይኔን ስጨፍን ፊቷ ይመጣል።

ጠዋት ሄድኩ። ከታች ተጣራሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ መንገድ ላይ ቆሜ፣ እቴቴ፣ ደሴ ነኝ እያልኩ። የሠፈሩ ልጆች ለላግ ባኦሜር በዓል እሳት ከእኛ ግንባታ የወሰዱትን ጣውላ እየጎተቱ ሲያልፉ ሳቁብኝ። በመስኮት አይታኝ ከፈተችልኝ።

ወረቀቱን እንቅደደው አልኳት። እምቢ አለች። እኔ አስደንግጬሽ ነው፣ ፈልገሽ አልፈረምሽም አልኳት። ስለት ነው አለች። ልጄን መለሰልኝ፣ ቤቱን አልሰጥም ልበለው? ኢታይ እኮ ገና እዚያው ነው፣ ስለት ብበላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም አለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ገና እዚያው ነው። በየቀኑ ትፈራለች፣ አሁን ደግሞ እኔ የጨመርኩባት አለ። በዚያ በተቧጨረ ፊቷ ትናንት ከሰዓት ሥራ ገብታለች፤ ድመት ነው ብያቸዋለሁ አለችኝ።

ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ቄሱ በሩን ከፈቱ፣ ግባ ግን አላሉኝም። ያንተን ነገር ከሻባት በኋላ እናየዋለን አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። እኔን መርዶ ነጋሪ አደረግኸኝ አሉ። በዚህች ሴት በር ላይ። ይቅርታ አባ አልኩ። ይቅርታው ከሷ ነው አሉ።

ስለ ስለቱ ጠየቅኳቸው። ለእግዚአብሔር የተሳለችውን ከእሷ ጋር ተቀምጠን እናየዋለን፣ መፍትሔ አለው አሉ። አንተ ግን፣ አሉ፣ የእግዚአብሔርን ስለት ተቀባይ ማን አደረገህ? ድርጅትህን ማን ወከለው?

በሩ ተዘጋ። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ጊዲ ደውሎ ነበር። ለእሑዱ ጉባኤ መድረኩ ላይ የሚታየው ሥዕል ተስተካክሏል፣ ሙሉ ስምምነት የሚል በትልቁ ገብቷል አለ። እንግዶቹም ሠፈሩን ወደዱት፣ ሰው እንዲህ የሚፋቀርበት ቦታ ብለው ተገረሙ አለ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት ብቻ አልኩት። በራሴ ደነገጥኩ፣ ማስታወሻዬ። ከሐሙሱ አላነሰም።

እሑድ 11/5፣ ጉባኤው አዳራሽ፣ የኋላ ወንበር

ጠዋት መጀመሪያ ቄሱ ቤት ሄድኩ። ከታች ተጣርቼ። ዋናውን ወረቀት፣ የእጇ ጽሑፍ ያለበትን፣ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ለእቴቴ ስለቷ እርስዎ ዘንድ ደርሷል ይበሉልኝ፣ ከዚህ ወዲያ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ አልኩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አሁንም ግባ አላሉም።

ከዚያ ጊዲን ጥግ ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። አለመደወሌንም። ትንሽ ገረጣ። ከዚያ ፊርማ ፊርማ ነው አለ፤ ሴትየዋ ለምን እንደፈረመች ሕግ አይጠይቅም፣ ፎቶውም እጄ ላይ ነው። ዛሬ ንግግርህን አድርግ፣ ነገ ቡና ጠጥተን እናወራለን። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቢሮ ስሜ ጠርቶ፣ ዳኒ፣ አንተ እኮ ምርጤ ነህ አለኝ።

ሞዴሉ መድረኩ ላይ ነው። መብራት አብርተውበታል። ነጩ ፎቅ ከሁሉም በልጦ ይታያል። ቀድሞ ቆቡን ያወለቀው ሸምገል ያለ ሰውዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ጊዲ እያስተዋወቀ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ሥራዬ የሚያልቀው ዛሬ ነው፣ ሆዴ አውቆታል። ቤት ያሉትን ልጆቼን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

የምለውን እዚህ ልጻፈው፣ ምላሴ እንዳያታልለኝ። መንገዱ ይሰፋል፣ እውነት ነው። ባቡሩም እውነት ነው። አካባቢው ጥሩ ነው፣ ገንዘባችሁን አምጡ። ይኼ ነጭ ፎቅ ባለበት ቦታ ግን ሐሙስ ዕለት ቆባችሁን ያወለቃችሁላት ሴት ትኖራለች። ልጇ አልሞተም። ማንም አልሞተም። ሲያለቅሱ ያያችኋቸው ሁሉ ያለቀሱት በእኔ ምክንያት ነው፤ ቤቷን ለእናንተ ለማስፈረም ብዬ በጨለማ በሯን አንኳኩቼ ነው። ስለዚህ ያ ፊርማ የለም፣ ልጇ እስኪመለስ ድረስ

ጊዲ ስሜን ጠራ