ጥንቸልሽ ሙሽሪት ሞጣ ገባች

የሻረግዬ፣

ከተለያየን ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፤ ከቢቸና የመጣ ሰው ሁሉ ጤፉ ዘንድሮ ደህና ነው እያለ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። ስፌቱንም አልተውኩም፤ ብቻ በመርፌው ቀዳዳ ክር የምታስገቢልኝ አንቺ ስለሌለሽ አላፊ አግዳሚውን መለመን ሆኗል ሥራዬ። ናፍቀሽኛል። ይህን ላስቀድምና ወደ ነገሬ ልግባ።

ነገሬ ስለ ጥንቸልሽ ነው። ሙሽሪት አሁን ያለችው ሞጣ፣ ልጃችን እናንዬ ቤት ነው። አትቆጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ለቅሶው እንዳበቃ እናንዬ ቢቸናን ትቼ እነሱ ቤት እንድገባ መወትወት ጀመረች። መልሴን ታውቂዋለሽ። በዚህ ዕድሜዬ አማቼ ፊት ተቀምጬ ልጦር? ሱቄን ዘግቼ፣ አንቺንም እዚህ አፈር ውስጥ ብቻሽን ትቼ? አይሆንም አልኳት። እሷም ለጊዜው ተወችው፣ ግን ያንቺ ዓይነት መተው ነው፤ እየቆየ የሚመለስ።

ከዚያ የልጇ የሶልያና ነገር መጣ። ሶልያና ስልኩን በተቀበለች ቁጥር የእኔን ጤና አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ሙሽሪትን ነው። በመጨረሻ እናንዬ ከባሕር ዳር ጥንቸል ላስመጣላት ነው አለችኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አልኩና አንቺ ያስተማርሽኝን ሁሉ አወረድኩባት።

ጥንቸል አሻንጉሊት አይደለችም አልኳት። ካሮት ስጧት የሚሉሽን አትስሚ፣ ካሮት ለእሷ ከረሜላ ነው። ቀለቧ ድርቆሽ ነው፤ ጠዋትም ድርቆሽ፣ ማታም ድርቆሽ። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የምትሞርደው እሱን በማኘክ ነው። ብድግ ተደርጋ መታቀፍን አትወድም፤ ጭልፊት የነጠቃት ይመስላታል፣ ስትፈራገጥም የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። መሬት ቁጭ ብለሽ ራሷ እስክትመጣ ጠብቂ አልኳት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቆረጥማለች፣ የስልክ ቻርጀር አትምርም። የእኔን ሜትር ከጫፉ ጀምራ መብላቷንም ነገርኳት። ያን ሰሞን የሰፋኋቸው ሱሪዎች ሁሉ አጥረው ደንበኛ ሲሰበሰብብኝ፣ ጨርቁ ነው የተሰበሰበው እያልሽ እንዳዳንሽኝ ግን አልነገርኳትም። እሱ የእኔና ያንቺ ነው።

ስለ ገላ መታጠብ ስደርስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ለፋሲካ ዋዜማ ቤቱን ሁሉ አጥበሽ ስትጨርሺ፣ እሷስ ለምን ትቅር ብለሽ ሳፋ ውስጥ ነከርሻት። እንደ ድመት በምላሷ እንደምትጸዳ ማን ነግሮን! ሰውነቷ ቀዝቅዞ ዓይኗ ሲፈዝ ጊዜ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ደረትሽ ውስጥ ከተትሻትና ቀኑን ሙሉ ከተቀመጥሽባት ዱካ አልተነሳሽም። የበዓሉን ወጥ ሳማስል የዋልኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ወጥ እንደነበረ ባናነሳው ይሻላል።

የወንድምሽ ልጅ ሙሽሪትን ከባሕር ዳር በካርቶን ይዞልሽ የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ምን እንዳለም ታስታውሻለሽ። ርኩስ እንስሳ ቤት አስገባች ተባለ። አንቺ ግን የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ከአልጋ ሥር አውጥተሽ አሳየሻቸው። አየት አደረጓትና «አትብሏት ተባለ እንጂ አታብሏት አልተባለም» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተናገረሽም፤ እንዲያውም የበቅሎውን ድርቆሽ የሚያካፍልሽ ሰው በዛ።

እናንዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ተስፋ የምትቆርጥ መስሎኝ ነበር። የእናቷ ልጅ ናት፣ ሁሉንም እሺ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ግን ሙሽሪትን አየኋት። አንቺ ታመሽ በተኛሽበት ጊዜ የስፌት መኪናውን ቤት አስገብቼው ነበር፤ ከቀብርሽ በኋላ ገበያው ዳር ወዳለው ሱቄ ስለመለስኩት እሷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነበረች። ጥንቸል ብቸኝነት አይሆንላትም ትዪኝ ነበር። አዲስ ከሚገዙ እሷን ልስጣቸው አልኩ። አልዋሽሽም፣ ሌላም ነገር አስቤ ነበር፤ እኔን ሲፈልጉ እሷን ካገኙ ይተዉኛል ብዬ።

እንግዲህ ልጅ ስንድር ያደረግነውን አደረግኩ። የቆሸሸ ነገር አስይዞ ልጅ አይሸኝም። የምትተኛበትን ያንቺን አሮጌ ነጠላ በሳሙና አሽቼ አጠብኩት፣ ቅርጫቷን ፈትጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከአቡጀዲ አዲስ ፍራሽ ሰፋሁላት። ያየ ሁሉ አደነቀ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ካርቶኗን ከላይ ልጫነው ቢለኝ ተጣላሁት፤ እሷ ሙቀት አትችልም። ሞጣ ድረስ ጭኔ ላይ ሄደች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቤታቸውን እንደ ሽማግሌ መረመርኩት። ሽቦው ሁሉ ከፍ ብሎ ታስሯል፣ ድመት የለም። ሶልያና መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትነካት ትጠብቃታለች። ደስ አለኝና መርቄ በዚያው ቀን ተመለስኩ። ቢቸና ስደርስ እንደ ልማዴ እንዳልረግጣት እግሬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ነው መሄዷ የገባኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት እናንዬ ደወለች። «አባዬ፣ እርስዎ ከሄዱ አፏን አልከፈተችም፤ በጠጧም የለም» አለችኝ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ግን ሆዷ ሥራ ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ መትረፏ ያጠራጥራል። የደንበኛ ኮት አንድ እጅጌ እንደቀረው የስፌት መኪናው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ደግሞ ሾፌሩ ሰው ልሙላ ብሎ ቆመ። ለጥንቸል ስለት የተሳለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ተሳልኩ። ካንቺ የቀረችኝ አንዲት ነፍስ ያለባት ነገር እሷ ናት፤ እሷንም በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጥቼ ገደልኳት ብዬ ነበር።

ስደርስ እናንዬ ያስጠራችው የእንስሳት ሐኪም ቀድሞኝ ነበር። ሥራው ከከብትና ከበቅሎ ጋር ነው፣ ለጥንቸል ብዙም አልተጠራሁም ብሎ በግልጽ ነገረን። ሆዷን ዳብሶ መድኃኒት በአፏ ሰጣት። ከዚያ ከዚህ በፊት ምን ላይ ትተኛ ነበር አለኝ። ነጠላውን አሳየሁት። አሸተተውና ይህማ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው፣ የቤቷን ጠረን የያዘ ምንም አላመጡላትም ወይ አለኝ። ያን ጊዜ ያደረግኩት ገባኝ። በአክብሮት ብዬ ቢቸናን ሁሉ አጥቤባት ኖሯል፤ ያንቺንም ጠረን ጭምር።

የደረብኩትን ጋቢ፣ ያንን አንቺ የፈተልሽውን፣ አውልቄ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ጉልበቴ እየጮኸ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቆየች። አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብላ መጣች፣ ጋቢው ላይ ወጣች፣ አገጯን አሸችበትና ተዘረጋች። ሶልያና ለምለም ሣር ከአጠገቧ አኖረች። ስትቆረጥም ስንሰማ እናንዬ ፊቷን አዙራ አለቀሰች፣ እኔ ግን ፊቴንም አላዞርኩ።

ያን ምሽት እኔም ጠግቤ በላሁ። ካንቺ ወዲህ እህል የምቀምሰው ሰው እንዳይታዘበኝ ያህል ነበር፤ እናንዬ ይህን አውቃው ኖሮ እያየችኝ ጨመረችልኝ። ሲነጋ ጋቢውን ትቼ ለመሄድ ተነሳሁ፣ በር ላይ ቆምኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሞጣ አገሬ እንግባ ብለሽ የለመንሽውን ግትር፣ ጥንቸልሽ በአንድ ቀን ጾም አስገባችው።

የስፌት መኪናዬን አስመጥቼ እነሱ በረንዳ ላይ ተክያለሁ። የአማቼንም ሱሪ እኔ ስለምሰፋ ማን ማንን እንደሚጦር ገና አልለየም። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ባንቺ አገር፣ አንቺ በእኔ አገር ቀረን። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ እመጣለሁ ነው የምልሽ። ለሙት ዓመትሽ ቢቸና ነኝ፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው፣ ጉልበቴ እስካለ ድረስ። ቄሱን አስፈቅጄ በራስጌሽ የበቀለውን ሣር በገዛ እጄ አጭዳለሁ፤ አድርቄም ለሙሽሪት ይዤላት እመለሳለሁ።

ያንቺው ልብስ ሰፊ