ባዶ የተባለው መሬት

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሌማን ሙመድ
አዲስ አበባ

ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ የሚለውን ዛሬ ዘልዬዋለሁ፤ ተናድጃለሁና።

ሰሞኑን የውሃ ቆፋሪዎች መጥተው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ ችካል ተከሉ። አለቃቸው ቡልቻ ካርታ ዘርግቶ አሳየኝ። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ ነው አለኝ። ከመሬት በታች ውሃ የሚጠራቀምበት በሰማያዊ ተቀብቷል፤ የሚቆፈርበት በቀይ ተከቦ “ባዶ መሬት” ተብሎ ተጽፎበታል። ከግርጌው የሠሪው ስም አለ። ያንተ ነው። ልኮራ ስል ችካሉ ያለበትን ልብ አልኩ።

የእናትህ መቃብር ላይ ነው የተከሉት።

የድሮውን መቃብር ጎርፍ ስለበላው እናትህን ዓናብን እዚያ ነው የቀበርናት። ራስጌና ግርጌዋ ላይ ካለው ድንጋይ በቀር ምልክት የለውም፤ ከሰማይ ለሚያይ ምንም ነው። አንተ ግን ከሰማይ ነው የተወለድከው? ለቀብሯ ብትመጣ ባዶ ብለህ ትጽፍ ነበር? ቴሌግራም ብልክ “ሥራ ላይ ነኝ” አልክ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነህ፣ ትኬት እንኳ አትከፍልም! ከዚያ ወዲህስ? ዒድ መጣ፣ ዒድ ሄደ፤ አንተ የለህም።

ውሃውን ጠልቼ አይደለም። እናትህ የደረቀውን የደቻቱን አሸዋ በእጇ እየጫረች፣ ውሃ እየቀዳች ነው ያሳደገችህ። ጎረቤታችን ፋዱማ ዛሬም እንደዚያው ናት። ቡልቻን “ትንሽ ፈቀቅ አድርገው” ስለው፣ “አይ አባ ሙመድ፣ እኔ ምን ላድርግ? ካርታውን የሠራው ሰው ካላዛወረው አልችልም” አለኝ። ለምኜው ለምኜው እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ።

ፋዱማ ነገሩን ስትሰማ ሰፈርተኛው በተሰበሰበበት፣ “ወላሂ፣ ይኼን የሣለ ሰው እናት የለውም እንዴ?” ብላ ጮኸች። እሷ ናት እናትህን አጥባ የከፈነቻት። ባሏ ነኝና ሁሉም እኔን አየኝ። አንገቴን ደፋሁ። የሣለው ልጄ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቡልቻም አያውቅም።

መልስ እንዳትጽፍልኝ። ባቡር ተሳፍረህ ና። ያንን ቀይ ክብ በገዛ እጅህ አንሣው። ማን እንደሣለውም ለፋዱማ አንተው ንገራት፤ እኔ አልችልም።

ምርቃት በፖስታ አልልክልህም። እናትህ እግር ሥር ስትቆም፣ ያኔ እመርቅሃለሁ።

አባትህ
ሙመድ ወርሳሜ