የመጀመሪያው ጠርሙስ

ጥር 2

ጌሾ ስወቅጥ ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል። አክስቴ እቴነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ እየመጡ ጠርሙሳቸውን አስሞልተው ይሄዳሉ። ደብረ ታቦር ውስጥ የእሷን አረቄ የማያውቅ የለም ይባላል። እኔ ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ለምን? እኔም አላውቅም... እግሬ ራሱ ይሄዳል።

ዛሬ አንዷ ደንበኛ "ይቺ ልጅ ድዳ ናት እንዴ?" ብላ ጠየቀች። አክስቴም "ድዳስ አይደለችም፣ ቃሏን ለበዓል እያስቀመጠች ነው" አለቻት። ተሳሳቁ። ጓዳ ሆኜ እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ከገሳይ ወደዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ቀረ። ውሃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ እወቅጣለሁ። አረቄ ማውጣቱን ግን አክስቴ ለማንም አታስነካም። ዛሬ እራት ላይ "የሚቀጥለውን የምታወጭው አንች ነሽ" አለችኝ። እኔ? ደስ አለኝ ወይስ ፈራሁ?

ጥር 3

ጌሾውን በውሃ በጥብጠን ጋን ውስጥ አደረግነው። ሁለቴ ከፍቼ ሳየው አክስቴ ያዘችኝ። "ተይው፣ እንዳንች ነው። ሰው ሲያየው ሥራ ያቆማል" አለች።

ጥር 7

የብቅል ዱቄት ጨመርን። የዳጉሳ ቂጣም ጋግረን፣ ቆራርሰን ጨመርን። ድፍድፍ የሚሉት ይኼ ነው። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አሸሁት። ጎምዛዛ ሽታ አለው፣ ግን አልጠላሁትም። ስታጠብም አልለቀቀኝም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረእግዚአብሔር ታቦቱን አጅበው ሲያልፉ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አይተውኝ በመስቀላቸው ባረኩኝ። እኔን ማንም አያየኝም... እሳቸው ግን ያዩኛል።

ድፍድፉ ጋኑ ውስጥ ይንሾካሾካል። ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማው ቆየሁ። ለሰው ብናገር ይስቃል።

ጥር 15

ዛሬ ወጣ። በእጄ!

ጠዋት ድፍድፉን ወደ ትልቁ እንስራ ገልብጠን ጣድነው። ከእንስራው አፍ የሚነሳው ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ አልፎ በዚያኛው ጫፍ ይወጣል። አክስቴ መጋጠሚያውን በሊጥ መረገችው። ሊጡ ከተሰነጠቀ ቶሎ እንድመርገው፣ የገንዳው ውሃ ሲሞቅ እንድቀይረው፣ እሳቱን እንዳላበዛው ነገረችኝ። እሳቱ ገና ሳይያያዝ የጎረቤታችን የእሸቴ እናት ገጠር ውስጥ አረፉ ተባለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ከበር ተመልሳ "የነገርኩሽን ብቻ አድርጊ" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ።

ብዙ ጠበቅሁ። ቱቦው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች... ወረደች። ሌላ ተከተለች። እንደ ውሃ የጠራ ነገር ነው፣ ከዚያ ጥቁር ድፍድፍ እንዴት ወጣ?

እናቴ፣ ላሟ ወልዳ የመጀመሪያው ቅቤ ሲወጣ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሳትሰጥ እኛን አታስቀምስም። እሸት ቢደርስም እንደዚያው ነው። በኩራት ነዋ፣ የእጅ ሥራ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ነው። ይኼስ የእኔ የእጅ ሥራ መጀመሪያ አይደለም? ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ነበረኝ፣ በፈላ ውሃ አጠብሁት። ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሬ እስከ አፉ ሞላሁት። ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ። ጥሩ አረቄ እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። የቀረውን በጀሪካን አጠራቀምኩ።

ጥር 16

ጠርሙሱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴ እስኪወጣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። አባ ገብረእግዚአብሔር ሲመጡ መስቀል ተሳለምኩና "በኩራት ነው" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። የእጅሽ ሥራ ነው ወይ ቢሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። "እግዚአብሔር ይቀበልሽ። በኩራት ነውና ለማንም አላካፍለውም" አሉኝ።

ስመለስ መሃል መንገዱን ይዤ ነው የሄድኩት። ሁልጊዜ ጥጉን ነበር የምይዘው።

ጥር 17

አክስቴ ከለቅሶ ተመለሰች። ከጀሪካኑ ቀመሰች። ጥቂት አፍስሳ ክብሪት ለኮሰችበት፣ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። "አንች ልጅ፣ እኔ በሦስተኛዬ ነው እንዲህ ያወጣሁት" አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ ቀጥላ፣ "የመጀመሪያውን የት ደፋሽው?"

የመጀመሪያውን?

ሳትነግረኝ መሄዷ ትዝ ያላት ለቅሶ ቤት ሆና ነው። ልቧ ተንጠልጥሎ ነው የሰነበተው። መጀመሪያ የሚወርደው አይጠጣም፣ መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። እናቷ ስትደፋው "መሬት ይጠጣው" ትል ነበር አለችኝ።

"ደፋሁት" አልኳት።

በዕድሜዬ እንዲህ ፈጥኖ የወጣልኝ ቃል የለም። ውሸት ሲሆን ነው ምላሴ የሚፈታው?

ምናልባት ገና አልቀመሱትም። ነገ በጠዋት ሄጄ እወስደዋለሁ።

ጥር 18

ጠጥተውታል።

ለማንም ሳልናገር በማለዳ አባ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እማማ ብዙነሽ በሩን ከፈቱልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲያስመልሳቸው አድሯል፣ አሁን ደግሞ ጭጋግ ነው የሚታየኝ ይላሉ፣ ነፋስ መትቷቸው ይሆናል አሉኝ። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አየሁት። ባዶ ነው። ጨርቄም ተጣጥፎ አጠገቡ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። ሮጬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። መደብ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ "ለሰው እንዳትናገሪ" አለችኝ። ከተማው ከሰማ በዚህ ደጃፍ የሚያልፍ አይኖርም፣ እኔስ የት እገባለሁ፣ አንችስ? ጠበል ይረጯቸዋል፣ ይሻላቸው ይሆናል አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ፈርታ ነው።

"እሺ" አልኩ። ጀሪካን ማጠብ ጀመርኩ። አንዱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ ነጠላ እንኳ ሳልለብስ ወጣሁ።

ከአባ ቤት ስደርስ በባጃጅ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ተከተልኩ። አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ ምን በሉ፣ ምን ጠጡ እያለ ይጠይቃል። እማማ ብዙነሽ "ካህን ናቸው፣ ምን ይጠጣሉ?" ይላሉ። አባ ራሳቸው ዝም ብለዋል። ለምን አይናገሩም? ድምፄን ሳይሰሙ መምጣቴን አውቀዋል? አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ... እኔን ሊሸፍኑ ነው።

"አረቄ ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። መጀመሪያ የወረደውን።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ሐኪሙ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣቴ የጠርሙሱን ቁመት አሳየሁት። ወዲያው ወጥቶ ሌሎችን ጠርቶ ተመለሰ። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ።

ጥር 19

አክስቴ አላናገረችኝም። እኔም አላናገርኳትም።

ጥር 21

ዛሬ ማንም ጠርሙስ ይዞ አልመጣም። ትናንትም አልመጣም።

ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እማማ ብዙነሽ በሩ ላይ አስቆሙኝ። "ሂጂ ልጄ፣ ፊትሽን ማየት አልቻልኩም" አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 26

አባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አክስቴ ራሷ ሄዳ ጠይቃቸው መጣች። ግራ ዓይናቸው ጠርቷል፣ ቀኙ ግን ጭጋጉ አልለቀቀውም። ሐኪሙ ምን እንደጠጡ ያን ቀን ባይነገረው ኖሮ ሁለቱም ይጠፉ ነበር ማለቱን ነገረችኝ።

ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆመች። "አትናገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለች። "ሳላስተምርሽ የሄድኩትም እኔ ነኝ።" ከዚያ ምድጃውን ጠረገች፣ የተጠረገ ነበር። እኔም መጥረጊያውን ተቀበልኳት።

የካቲት 2

አባ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወድቄ እግራቸውን ሳምኩ። ተነሺ አሉኝ። ስለ ውሸቴ፣ ስለ ሁሉም ነገር ተናዘዝኩ። አላቋረጡኝም።

ሲያልቅ የማይጠየቀውን ጠየቅኋቸው። "አባ፣ ሽታው አልከበደዎትም?"

"ከብዶኛል።"

"ታዲያ ለምን ጠጡት?"

"በኩራት ይደፋል እንዴ?"

መሬት መሬት አየሁ። ለካ ለሁለት ቀን ከፋፍለው፣ እያንገሸገሻቸው ነው የጨረሱት... የእኔ መጀመሪያ ስለሆነ።

"ስትሰጭኝ አላወቅሽም፣ ስቀበልም አላወቅሁም" አሉ። "በዚህ አልከስሽም። ካወቅሽ በኋላ ያለችው አንዲት ሌሊት ግን ያንች ናት።"

"አዎ አባ።"

ቀኖናዬን ሰጡኝ። እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ የጸሎት መጽሐፋቸውን አነብላቸዋለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እየሸሸኝ ነው አሉ። ግእዝ አላውቅም ብል፣ ፊደል ታውቂያለሽ አይደል አሉኝ። ስግደት ቢያዙኝ ሺህ እሰግድ ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ... በሰው ፊት?

የካቲት 3

ቆሜ አነበብኩ። እማማ ብዙነሽ በአጠገባችን አለፉ፣ አላዩኝም። አባ "አልሰማሁም" አሉኝ። ደገምኩ። "አልሰማሁም።" አራት ጊዜ።

የካቲት 6

ዛሬ "አልሰማሁም" ሁለት ጊዜ ብቻ።

የካቲት 15

ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንስራው ተጣደ። አክስቴ በሠፈሩ አረቄ የሚያወጡትን ሴቶች ሁሉ ጠራች። አምስት መጡ። ለወሬ የመጡም አሉ። ብርቱካን የምትባለው፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሳውሩ ነው?" አለች። ማንም አልሳቀም። አክስቴ እኔን ወደ ቱቦው ጠቆመችኝ።

ጓዳው ከኋላዬ ነበር። አልገባሁም። ጠብታው ሲጀምር በጣሳ ተቀበልኩ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው አይጠጣም፣ ለማንም አይሰጥም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አልኩ። አባን ያሳመመው ምን እንደሆነ በራሴ አፍ ነገርኳቸው። ጣሳውን በፊታቸው አመድ ላይ ደፋሁት። ብርቱካን ጠጋ ብላ "እስከ የት ድረስ ነው ያልሽው?" አለች። መልሼ አሳየኋት።

የካቲት 28

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ጠዋት ይበርዳል። ስሄድ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነበር።

ሳነብ አንድ መስመር ዘለልኩ። ገጹ ላይ ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ስለሚጀምሩ ነው። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የዘለልኩትን መስመር ቃል ሳያጎድሉ አሉት። ማንበቤን አቆምኩ። የሚቀጥለውንም አሉት።

"በቃልዎ ያውቁታል?"

"ከዲቁናዬ ጀምሮ።"

ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ... ታዲያ እኔ ለማን ነው ያነበብኩት? ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ፊታቸውን አዙረው በግራ ዓይናቸው አዩኝ። ቀኙ እንደ ወተት ደፈርሷል፣ እንደዚያው ይቀራል። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይኼን ምንም ንባብ አይመልሰውም።

"ቀጥይ" አሉኝ።

እማማ ብዙነሽ ከቤት ወጡ። በርጩማ ይዘዋል። እስከ ዛሬ ቆሜ ነበር የማነበው፣ ተቀመጭ ያለኝ አልነበረም። በርጩማውን አጠገቤ አስቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉልኝ። ተመልሰው ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

ተቀመጥኩ። ከውስጥ እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩ።