አባዬ፣ ወፏ እኔ ነበርኩ

አባዬ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ሰው ሁሉ ለሟች የሚለውን ነው የምለው፤ እኔ ግን የምሬን ነው፤ እግርህ ረጅም ስለሆነ ይጠበዋል ብዬ እሰጋለሁ። መደቡ ላይ ስትተኛ ተረከዝህ ውጭ ያድር አልነበር? ከሄድክ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ደብዳቤው የዘገየው መጻፍ ጠፍቶኝ እንዳይመስልህ። ከስምንተኛ ክፍል ብቀርም ፊደል አልረሳሁም። የቸገረኝ በምን ፊቴ እንደምጽፍልህ ነው።

ከቤት ልጀምር፣ ከባዱን ወደ ኋላ ላድርገው። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ድሮ "ያን ሬዲዮ ቀንስልኝ" እያለች ስትጨቀጭቅህ አልነበር? አሁን ራሷ ከፍ አድርጋ ከፍታው ጓሮ ትሄዳለች። ማን እንዲሰማው እንደሆነ እንጃ። እህቴ ዘይነብ ወንድ ልጅ ወለደች። የልጁን እግር ያየ ሁሉ ይስቃል፣ ቁርጥ አንተን። ማንጎው ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፈራ፣ ጦጣዎቹም ከኛ ቀድመው አወቁት። ነጯ ፍየልህ አልሞተችም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ወግታ ስለጨረሰች አሁን ተረኛው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ባጃጅ ይዣለሁ። የሰው ናት፣ እንደ ራሴ ግን እነዳታለሁ። ከኋላዋ "አትሳቁ፣ እናንተም ትሳፈራላችሁ" ብዬ አጽፌባታለሁ። ከአሶሳ ገበያ እስከ ሰፈራችን ድረስ ሰው እያነበበ ሲስቅ በመስታወት አያለሁ።

ታውቀኛለህ፣ ሰው ካላሳቅኩ የዋልኩ አይመስለኝም። መስጊድ በር ላይ የጀመዓውን ጫማ ሁሉ አቀያይሬ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀኝ እግር ጫማ ተጫምተው የወጡ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሰው ፊት በዱላ አሯሯጥከኝ። የቤታችንን አጥር ስንታጠፍ ግን ዱላህን ተደግፈህ እስክታስል ሳቅክ። ያ ሳቅህ ነው ያበላሸኝ አባዬ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ተንኮል ሁሉ፣ አጥሩ ጋ ስንደርስ እንደዚያ እንድትስቅልኝ ነበር።

እንግዲህ ልናገረው ነው።

በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ልጅ ሆነህ ስትመጣ ይህን ጫካ አታውቀውም ነበር። ያስተማረህ ጓደኛህ ኸሊፋ ነው፤ የበርታ ልጅ፣ ጫካ ውስጥ ያደገ። ማር የምታሳየዋን ወፍ ያሳየህም እሱ ነው። ትንሽ፣ አመድማ፣ ለዓይን የማትሞላ ወፍ። ሰው ስታይ ክርር ክርር እያለች ትጣራለች፤ ስትከተላት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ትመራሃለች፤ ንቦቹ ያሉበት ዛፍ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። ዝም ካለች እዚያ ነው ማለት ነው። ማሩን ስትቆርጥ እጭ ያለበትን ሰፈፍ ቅጠል ላይ አድርገህ ትተውላታለህ። ድርሻዋን የበላባትን ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ማር ሳይሆን አውሬ ቤት ትወስደዋለች፤ እንዲህ ነው ኸሊፋ የነገረህ። አንተም ሁልጊዜ ትልቁን ሰፈፍ ነበር የምትተውላት። እማዬ "ለወፍ ይኼን ያህል፣ ለኔ ይቺ?" ስትልህ፣ "አንቺ መንገድ አታሳዪኝም" ትላት ነበር። ኸሊፋም ለወገኖቹ "ወፍ ይኼን ሰፋሪ ይወዳል፣ ከኛ አስበልጦ ይወዳል" እያለ ይስቅ ነበር። አንተ ያን ስትሰማ አንገትህ ይረዝማል።

ትምህርቱን ትቼ ቤት የዋልኩ ሰሞን ነው። ደጅ ቁጭ ብዬ ግማሽ የደረሰ ክብሪት እያንቀጫቀጭኩ ስጫወት፣ አንተ ከጓሮ "መጣች!" ብለህ ብድግ አልክ። ማንጎውን አየህ፣ ጣራውን አየህ። እኔ ክብሪቱን በመዳፌ አፈንኩት። ጆሮህም ዓይንህም ደከም ብለው ነበር። የክብሪት እንጨት ቀፎው ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ድምፁ ቁርጥ የእሷ ነበር። ሳቄን ዋጥኩና አንድ ነገር አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፋስህንና ችቦህን ይዘህ ስትወጣ በወንዙ በኩል ዞሬ ቀደምኩህና ቀርከሃው ውስጥ ገባሁ። ክብሪቱን አንቀጫቀጭኩ። አንተ በፉጨት መለስክ። ቁልቁል ወሰድኩህ፣ ሽቅብ መለስኩህ፤ አንዱን ወንዝ ሁለት ጊዜ አሻገርኩህ። "ዛሬስ አዙሮሻል መሰለኝ" አልካት እንጂ አልጠረጠርክም። ሐሳቤ መጨረሻ ላይ ብቅ ብዬ "ማሩስ?" ልልህ ነበር። ታሯሩጠኛለህ፣ ከዚያ አጥሩ ጋ ስንደርስ ትስቃለህ።

አንድ ቀዳዳ ያለበት ትልቅ ዛፍ ሥር ስደርስ ሳቄ መጣብኝ። እጅጌዬን ነከስኩ፣ ክብሪቱም ዝም አለ። አንተም ወፏ ዝም ስትል እዚህ ነው ማለቷ መሰለህ። ችቦ ለኩሰህ መውጣት ጀመርክ። ያኔ ከተደበቅኩበት መውጣት ነበረብኝ። "ትንሽ ብቻ ልይ" አልኩ። በጢሱ ውስጥ ጎንበስ ብለህ ቀዳዳውን ስትነፋ፣ ክንድ የሚያህል አርጃኖ ጅራቱን እያወናጨፈ ደረትህ ላይ ዘሎ ወጣ። ወደቅክ። ቀርከሃ ሲሰበር የሚጮኸውን ታውቃለህ። የጮኸው ዳሌህ ነበር።

ዞሬ በመንገዱ በኩል፣ እንዳጋጣሚ እንደመጣ ሰው ሆኜ ደረስኩ። አየኸኝና "አላህ ነው የላከህ" አልከኝ። አዝዬህ ስወርድ ክብሪቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። በየእርምጃው ይንቀጫቀጫል። አንተ ጀርባዬ ላይ ሆነህ፣ ከሕመምህ ጋር እየታገልክ፣ "ትሰማለህ? እየተከተለችን ነው። ልትስቅብኝ ነው" አልክ። በአንድ እጄ አንተን፣ በአንድ እጄ ኪሴን ይዤ ቤት ገባን።

በሳምንቱ ኸሊፋ ሊጠይቅህ መጣ። አጠገብህ ተቀመጠ። ከዚያ "ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ወፍ አይዋሽም። ድርሻ በልተሃል?" አለህ። እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። በሕይወትህ የወፍ ድርሻ አልበላህም። አንተ ግን አሰብክ፣ አሰብክና፣ "አላውቅም ኸሊፋ። ሳላውቅ አሳንሼባት ይሆናል" አልከው። በደለኛ ያልሆነ ሰው እንዴት በደሉን ይፈልጋል? አንተ ግን ፈለግከው። ኸሊፋም አዘነ፣ ለወገኖቹም ነገረ። ድርሻ የበላ ሰው አብሮ ከሄደ ወፏ ለሌላውም አትመጣም ይላሉ። ማር ቆረጣው ሲደርስ በደጃችን አለፉ፣ አልጠሩህም። ዳሌህ ሲሻልህም አልጠሩህም። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ።

ከዚያ ደግሞ ያ ነገር። እውነተኛዋ ወፍ ቤታችን መጣች። አንድ ጠዋት ማንጎው ላይ አርፋ ክርር ክርር አለች። እኔ እጄን አየሁ፣ ባዶ ነው። ስድስት ቀን ተመላለሰች። ደጅ ተቀምጠህ ስትሰማት ተነሥተህ እያነከስክ ቤት ገባህና በሩን ዘጋህ። እማዬ "ሂድ እንጂ፣ እየጠራችህ ነው" ስትልህ፣ ከውስጥ "አፍሬባታለሁ" አልክ። በሰባተኛው ቀን ቀረች። ሰው ያላደረገውን ነገር እንዲህ ሲያፍርበት አይቼ አላውቅም። ያደረግኩት እኔ ግን ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ የማንጎ ዘር እየመጠጥኩ እወረውር ነበር።

መጨረሻ ላይ ወባው የያዘህ ጊዜ ልነግርህ ሦስት ጊዜ "አባዬ" ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቀልድ ሆኖ ወጣ። አንተም እየተንቀጠቀጥክ ሳቅክልኝ።

ባለፈው ወር ኸሊፋ ከልጅ ልጁ ጋር ባጃጄ ላይ ተሳፈረ። ልጁ መንገድ ዳር ወፍ አየና "ማር የሚያሳየው ይሄ ነው?" አለ። ኸሊፋም ጀመረለት። ድርሻውን ተውለት፣ ካልተውክ እንዲህ ይሆናል፣ አንድ ሰው ነበር ከዛፍ የወደቀ አለው። ልጁ "ማነው?" አለ። ኸሊፋ ማጅራቴን እያየ እንደሆነ ተሰማኝ። "ሞቷል" አለው። "ጥሩ ሰው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተ።"

ባጃጇን አቆምኳት። መሪውን እንደያዝኩ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ክብሪቱን፣ ቀርከሃውን፣ አርጃኖውን። ስጨርስ ኸሊፋ የልጁን እጅ ይዞ ወረደና በእግሩ ሄደ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤት ድረስ መጣ። አልተቀመጠም። "ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ እኔ አባትህን ለጀመዓ ነው ያማሁት። ጁምዓ ቀን ጀመዓ ፊት አንተ ትናገራለህ። ስሙ በአንተ አፍ ነው የሚመለስ" አለኝ።

ከሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰውን አስቀመጡልኝ። ጉድ በለኝ አባዬ፤ ተነሥቼ ስጀምር አንደበቴ ወደ ለመደው ጨዋታ ሄደ። ወንዙን ሁለት ጊዜ ያሻገርኩህ ጋ ስደርስ አንዱ ሳቀ። አርጃኖው ሲወጣማ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። ሰው እንዲህ ስቆልኝ አያውቅም። እኔም፣ ይቅር በለኝ፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ ኸሊፋን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። "ሁለት ዓመት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ" ብቻ አልኩ። ሳቁ በየቦታው ቆመ። "ድርሻዋን አልበላም። የበላሁበት እኔ ነኝ።" ከዚያ ተቀመጥኩ።

ኸሊፋ ተነሥቶ ወደ መቃብርህ ሄደ። ሰው ተከተለው። አጠገብህ ቆሞ "ያ አኺ፣ ዐፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አንተን ጠየቅኩ፣ ልጅህን አልጠየቅኩም" አለህ። ያን ሰምተህ ከሆነ፣ ስምህ ወደ ቦታው ተመልሷል። እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ምሳ አቀረበችልኝ።

አንድ ነገር ግን ለጀመዓው አልተናገርኩም፣ ለኸሊፋም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ወንዙን ሁለተኛ ጊዜ ስትሻገር ደክሞህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ቀርከሃው ውስጥ ነኝ። ብቻህን የሆንክ መስሎህ ወፏን ማነጋገር ጀመርክ። "ቀስ በይ እንጂ እመቤቴ፣ አረጀሁ እኮ" አልካት። ቀጥለህ፣ "ልጅ አለኝ" አልካት። "ሰው ቀልደኛ ይለዋል። ትምህርቱን ሲተው ሁሉም ተስፋ ቆረጠበት። እኔ ግን ጆሮ አለው እላለሁ፤ ጫካ መስማት ይችላል። በሚቀጥለው ይዤው እመጣለሁ። ከኔ በኋላ የምትውዪው ከእሱ ጋር ነው፣ ከአሁኑ ልመጂው።" ከዚያ መልስ ጠበቅክ።

እኔ ክብሪቱን አንቀጫቀጭኩልህ። ፈገግ አልክ፣ ፋስህን አነሳህ፣ ተከተልከኝ።

እስከዚያ ድንጋይ ድረስ ያለውን ቀልድ ነው ማለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላ የመራሁህን መንገድ ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ሰምቼህ ነበር አባዬ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቼ ነበር።

ሰው እያሳቅኩ መኖሬ አይቀርም፣ ባሕሪዬ ነው፤ አንተም ይህን አትጠላብኝም። ያን ቃልህን ግን ለማንም ጨዋታ አላደርገውም። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከዛፍ ስለወደቀ ሰው አልነግረውም። ለዘይነብም ልጅ፣ እግሩ ረዝሞ ሲቆም፣ የምነግረው ስለዚያ ድንጋይ ነው። እኔም አንተን ባሰብኩ ቁጥር እዚያ ነው የማገኝህ፤ ፋስህ ጉልበትህ ላይ፣ አንገትህ ቀና ብሎ፣ መልስ እየጠበቅክ። መልሱ እስከዛሬ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። እሺ አባዬ። አብሬህ እመጣ ነበር።

ልጅህ ሰይድ