የስመኘው ፕሮሰሰር

ጥቅምት 8
ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለቤቴ ስመኘው፣ ወንድሜ ታከለ ትቶልን በሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ጌም ከፍቶ... የጭነት መኪና መንዳት! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይነዳው የነበረው ሚኒባስ ጅጋ አጠገብ ከተገለበጠ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር አይጠጋም። ሰው አልሞተም፤ የእሱም እግር ድኗል። ግን ባጃጅ እንኳ አይሳፈርም። ፍኖተ ሰላምን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ነው የሚዞራት። ዛሬ ግን... ገብቼ እራት ሠራሁ።

ጥቅምት 11
ጌሙ ውስጥ መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥ ባለ ቁጥር ስመኘው ፊቱ ይገረጣል። "ይኸው፣ ልክ እንደዚያ ቀን..." አለና ተነሳ። ልክ እንደዚያ ቀን ምን? አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ?

ጥቅምት 13
ቡሬ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚሸጠው ለወንዳወቅ ደወልኩ። "የደከመው ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ነው መምህርት፤ የሚሰካበት ማዘርቦርድም አብሮ ይቀየራል" አለኝ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ የራሱ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው፣ ረጋ ያለ። ሌላው ኦቨርክሎክ የሚደረግ... ከፋብሪካ ከወጣበት ፍጥነት በላይ የሚያስኬዱት። ይሞቃል፤ ፋኑም ለብቻው ነው የሚገዛው። እኔ የመጀመሪያውን ወደድኩ። የፍኖተ ሰላም ሙቀት መቼ አነሰንና!
ስመኘው ግን "ሁለተኛው ይሻላል" አለ።
"ለምን?"
"ሞተር እኮ ነው ተናኜ። አቅም ካለው ለምን ታፍኚዋለሽ? ቀስ እያልሽ ነው የምትጨምሪለት።"
ተሟገትን። ኋላ አሰብኩት... ይህ ሰው ከአደጋው ወዲህ "ይሄን እፈልጋለሁ" ያለው ምን አለ? ምንም። ይሁንለት።

ጥቅምት 20
መጣ! ወንዳወቅ በአውቶቡስ ላከልን። ስመኘው በስልክ እየተመራ ራሱ ገጠመው። ፋኑን የድሮውን አደረገበት፤ "ለጊዜው ይበቃል" ብሎ። መታጠፊያውንም አለፈው! ምስሉ ንቅንቅ አላለም።
"አየሽ? አየሽው?" እያለ ክንዴን ሊነቅለው...

ጥቅምት 23
ፍጥነቱን ጨመረበት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ... ኮምፒውተሩ ድርግም። ለካ ሙቀት ሲበዛበት በራሱ ይጠፋል።
"እኔ የያዝኩት ነገር ሁሉ..." አለ ስመኘው።
"ተው ስሜ። የጎደለው ፋን ነው።"
እጁን ፋኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ "ያን ቀን ፍሬኑን ረግጬ ነበር ተናኜ። ረግጬዋለሁ። አልያዘም።"
እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገራትም። ለእኔም። አቀፍኩት። አለቀሰ... እኔም።

ጥቅምት 25
ወንዳወቅ ጋ ትልቅ ፋን አለ። ግን አልልክም አለ፤ "ልኩን አይቶ የሚወስድ ሰው ይምጣ።" ፈተና ላይ ነን፣ ከትምህርት ቤት አልወጣም። "ቅዳሜ እኔ አመጣዋለሁ" አልኩት ለስመኘው። 

ጥቅምት 26
ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ስመኘው።
"የት ነህ?"
"መናኸሪያ።"
ፋኑን ራሱ ሊያመጣ!
"ፈራሁ ተናኜ።"
"ልምጣ?"
"አትምጪ። ስልኩን ብቻ አትዝጊው።"
አልዘጋሁትም። ግቢው መሀል ቆሜ ረዳቱ "ቡሬ! ቡሬ!" ሲል ሰማሁ፤ ሞተሩ ሲነሳ፤ ስሜ ሲተነፍስ። ማን እንዳየኝ እንጃ፣ እኔም አብሬው እተነፍስ ነበር። መንኩሳ ሲደርሱ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያስተማርኩትን እኔ አላውቀውም...
ቤት ስገባ ፋኑን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሲመለስ ከሹፌሩ ጎን ነው የተቀመጠው። ሹፌሩ የድሮ ባልደረባው ኖሮ ሲያየው መኪናውን አቁሞ ወርዶ ስሞታል።

ጥቅምት 27
ቁርስ ላይ ስመኘው፣ "እሑድ ደምበጫ ሄደን እናትሽን እንጠይቅ" አለኝ።
"በምን?" አልኩት፣ ከአፉ ልስማው ብዬ። የደምበጫ መንገድ በጅጋ ነው የሚያልፈው።
"በመኪና ነዋ!"
ፋኑ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።